የሰው እንግዳ በሰው ቤት፤ ስለ መተማ በርና ስለ ክብር መንገደኞች

የዚህ ጥናት መነሻ አንድ ትንሽ የቤተ ሰብ ወሬ ነው። ከመካከላችን የአንዱ አጎት ኑሯቸው በውጭ አገር ነው። ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋራ ዘመድ ሊጠይቁ ወደ ገንዳ ውኃ መጥተው ሰንብተው ሲመለሱ፥ በአውቶቡስ በአይከል በኩል አዘዞ ወጡ፤ ከዚያ በአይሮፕላን አዲስ አበባ፥ ከአዲስ አበባም ወደ ውጭ ተጓዙ። አይሮፕላን በሚለውጡበት በአንድ የሩቅ አገር ማረፊያ ያገራችንን አየር መንገድ የጎልድ ካርድ ይዘው፥ ላውንጅ ወደሚባለው ወደ ክብር መንገደኞች ክፍል ቢቀርቡ፥ በር ላይ የቆመችው ሠራተኛ ካርዱን አይታ «እርስዎና አንድ ሰው ብቻ» አለቻቸው። ሚስት ትግባ፥ ልጅ ትቅር ማለት ስላልሆነላቸው ሦስቱም በአዳራሹ ወንበር ላይ ተቀምጠው አደሩ። በኋላ በስልክ ሲያጫውቱን ግን ብዙ ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር። «ልጄን መከልከላቸው አልደነቀኝም፤ የደነቀኝ እኔን ለማስገባት መፍቀዳቸው ነው። ቤቱ የነሱ፥ ካርዱ የኛ፤ ማን ነግሯቸው ዐወቁኝ?» አሉን።

ይህ አነጋገር ወደ ታሪክ መለሰን። ከመካከላችን ሦስቱ የምዕራብ ጐንደር ቆላ ተወላጆች ነን፤ የሌላውን ቤት እንግዳ እንደ ራስ እንግዳ መቀበል አይሮፕላን ከመፈጠሩ በፊት በመተማ በር ላይ ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው። መተማ ሲባል ተማሪው ሁሉ ወዲያው የሚያስበው የ1881 ዓ.ም.ን ጦርነትና የዐፄ ዮሐንስን ሞት ነው፤ ማሰቡም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ያ ጦርነት የሁለት ቀን ነገር ሲሆን በሩ ግን ሲከፈትና ሲዘጋ የኖረው በመቶ በሚቈጠሩ ዓመታት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው፥ በዚያ በር ላይ የአንድ መንገደኛ ክብር የራሱ ሀብት ሳይሆን በሁለት ቤቶች መካከል ያለ ዕዳ እንደ ነበረና ዕዳውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ሰው ይከፍለው እንደ ነበረ ነው። ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን።

አስቀድሞ የዛሬውን ደንብ በአጭሩ እናስረዳ። ስታር አላያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ማኅበር በ1997 በአምስት አየር መንገዶች ተመሠረተ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ2011 መጨረሻ ገባበት። የአየር መንገዳችን የደንበኞች መዝገብ፥ ሼባ ማይልስ የሚባለው፥ በየደረጃው የተከፈለ ሲሆን ጎልድና ፕላቲነም የተባሉት ከፍተኞቹ ደረጃዎች በማኅበሩ ዘንድ እንደ አንድ፥ በጎልድነት ይቈጠራሉ። ጎልድ የሆነ መንገደኛ የሚቀመጠው በኢኮኖሚ ወንበር ቢሆንም እንኳ በማኅበርተኞቹ ላውንጅ አንድ እንግዳ አስከትሎ ይገባል። ቢዝነስ ክላስ ማለት ያገራችን አየር መንገድ ክላውድ ናይን በሚለው ወንበር የተሳፈረ ግን ራሱ ይገባል እንጂ በዚያ ወንበር ምክንያት እንግዳ አያስከትልም። አንዱ የሚከበረው በማንነቱ ነው፤ ሁለተኛው በዚያን ቀን በያዘው ወንበር ነው። በሁለቱም ላይ የማይለወጥ ግዴታ አለ፤ መንገደኛው የሚሳፈርበትን አይሮፕላን የሚያበረው የማኅበሩ አባል መሆን አለበት። ትኬቱ የአባሉን ስም ይዞ አይሮፕላኑ የሌላ ከሆነ በሩ አይከፈትም። ደግሞ መንገደኛው የማያየው ሒሳብ አለ፤ የላውንጁ ባለቤት የሌላውን አየር መንገድ እንግዳ ባስተናገደ ቍጥር ሒሳቡን ጽፎ ለላኪው ይልካል። ቡናውና ወንበሩ ነጻ የሚመስለው ለተቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

እግረ መንገዳችንን አንድ የሚያስቅ ነገር እንጥቀስ። ዩናይትድ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ የራሱን ጎልድ ደንበኞች በአገር ውስጥ በረራ ብቻ ሲጓዙ በካርዱ ኃይል ወደ ላውንጁ አላስገባም ሲል፥ የሌላ አገር አየር መንገድ ጎልድ የሆነውን ግን በዚያው በአገር ውስጥ በረራ ሲያስገባ ኖሯል። ቤተኛው ከደጅ ተቀምጦ እንግዳው ይገባል ማለት ነው። ይህን የሰማ የቆላ ሽማግሌ ምንም አይደንቀው፤ ላገሬው የማይታረደው በሬ ለእንግዳ መታረዱን ሲያይ የኖረ ነውና።

አሁን ወደ መተማ በር እንውረድ። የዚህን መንገድ ሥርዓት በቅርብ አይተው ከጻፉት ቀደምት መንገደኞች አንዱ ሻርል ዣክ ፖንሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ታላቁ ኢያሱ ሐኪም እንዲፈልግላቸው ሐጂ ዓሊ የተባለውን ነጋዴያቸውን ወደ ካይሮ ልከውት ስለ ነበር፥ ፖንሴ ከሱ ጋራ በስናር በኩል ተጕዞ በሐምሌ 1699 ጐንደር ገባ። አብሮት የመጣው ብሬቭዳን የተባለው ኢየሱሳዊ ካህን ለመግባት ጥቂት ቀን ሲቀረው መንገድ ላይ ሞተ፤ ወሩ ንዳድ የሚበረታበት ነበር። ፖንሴ ከጻፋቸው ነገሮች ለጥናታችን የሚረዱ ሁለት አሉ።

የመጀመሪያው ስለ ጭልጋ የተናገረው ነው። የስናር ንጉሥ ከኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት ጋራ ባደረገው ልዩ ስምምነት በጭልጋ የራሱን ቀራጭ ያኖር ነበር ይላል። ቀራጩ ከስናር ወደ ኢትዮጵያ በሚገባው ጥጥ ላይ ቀረጥ ይቀበላል፤ የተገኘውንም ሁለቱ ነገሥታት እኩል ይካፈሉታል። ይህን ክፍል ደጋግመን አነበብነው። የባዕድ ንጉሥ ሹም በኢትዮጵያ ምድር፥ በጐንደር አፋፍ ተቀምጦ፥ በባለ አገሩ ፈቃድ ቀረጥ ይቀበላል ማለት ነው። ጊዜው ሁለቱ መንግሥታት በሃይማኖት የተለያዩበት፥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የተዋጉበት ጊዜ ነው። ሆኖም ጥጡ መግባት ነበረበትና አንድ ኬላ ለሁለት ቤት ሠራ። በጭልጋ አንድ ጊዜ የከፈለ ነጋዴ በሁለቱም ዘንድ እንደ ከፈለ ተቈጠረ። የዛሬው ማኅበር በኮምፒዩተር የሚያደርገውን የሒሳብ መተሳሰብ እነዚያ ሰዎች በአንድ ቀራጭ ፊት በጥጥ ሸክም አደረጉት ብንል ማጋነን አይመስለንም።

ሁለተኛው ነገር የእንግዳው ጓዝ አሄድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አንድን ሰው ወደ ግቢ ያስጠሩት እንደ ሆነ ጓዙ ለመጀመሪያው መንደር ጌታ ይሰጣል፤ እሱም ለመንደሩ ሰዎች ይሰጣል፤ እነርሱ ተሸክመው እስከሚቀጥለው መንደር ያደርሳሉ፤ ያኛው መንደር ለተከታዩ፥ እንዲህ እየተባለ እስከ ጐንደር ይደርሳል። እንግዳው አይከፍልም፥ አይከራከርም፥ ዕቃዬ ጠፋ ብሎ አይሠጋም። በፖንሴ በኩል ሲታይ ከዚህ የተሻለ መስተንግዶ የለም። ወሩን ግን እናስተውል። ፖንሴ ጐንደር የገባው በሐምሌ ነውና ጓዙ በጭልጋ መንገድ የተጓዘው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ያ ጊዜ ገበሬው ከበሬው ኋላ የሚውልበት፥ ጭቃው ጕልበት የሚደርስበት ጊዜ ነው። አንድ ቀን ሙሉ የሐኪም ሣጥን የተሸከመ ሰው የዚያን ቀን ዘር አልዘራም። የተሸካሚዎቹን ድምፅ በመጽሐፉ ውስጥ አንሰማም፤ ሒሳቡ የተጻፈው ግን በነሱ ትከሻ ላይ ነው።

ስምምነቱ ሲላላ ምን እንደሚሆን ለማየት ብዙ መቈየት አላስፈለገም። በ1705 የፈረንሳይ ንጉሥ መልእክተኛ የነበረው ለኑዋር ዱ ሩል ወደ ኢያሱ ለመድረስ በዚያው በፖንሴ መንገድ ሲመጣ ስናር ላይ ከነተከታዮቹ ተገደለ። የያዘው ወረቀት የታላቅ ንጉሥ ወረቀት ነበር፤ ነገር ግን የስናሩን በር የሚያስከፍተው የፓሪስ ማኅተም ሳይሆን በስናርና በጐንደር መካከል ያለው መተማመን ነበር። በዚያ ጊዜ ደግሞ እሱ ጐድሎ ነበር። የኢያሱ ልጅ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ስለዚህ ነገር ለካይሮ ፓሻ እንደ ጻፉት ሆኖ ጄምስ ብሩስ በመጽሐፉ ያተመው ደብዳቤ፥ የዓባይን ውኃ እስከ ማስቀረት የሚደርስ ማስፈራሪያ አለበት። አንድ እንግዳ ቢሞት ወንዝ ይታገዳል የሚለው ቃል ለዛሬ ጆሮ የበዛ ይመስል ይሆናል። እኛ ግን የሚያስረዳን የእንግዳው ነገር የእንግዳው ብቻ እንዳልነበረ ነው።

ብሩስ ራሱ የዚህ ነገር ሁለተኛው ምስክር ነው። ይህ ስኮትላንዳዊ በጐንደር ሳለ የራስ ኤል ፊል ገዢ ተብሎ ተሹሞ ነበር። ራስ ኤል ፊል ዛሬ የመተማ ቆላ ከምንለው ምድር ጋራ የሚዋሰን የጠረፍ ግዛት ነው። ብሩስ ራሱ ስላልተቀመጠበት ያሲን የተባለውን እስላም ምክትል አድርጎ ሾመበት። ሹመቱ በዚያን ጊዜ ለይስሙላ ብቻ ይመስል ነበር። በ1772 ግን ወደ አገሩ ሲመለስ በቆላው በኩል ወርዶ ተዋ ከሚባለው የአትባራ ከተማ ሲደርስ፥ የስናር ተገዢ የሆነው ሼክ ፊደሌ አገተው፤ ገንዘብ ጠየቀው፥ አስፈራራው፥ ደግሞም ሐኪምነቱን ስለ ፈለገው ሚስቶቹን እንዲያክምለት አደረገ። ብሩስ ደብዳቤ አልጐደለውም። ከጐንደር የያዘውም ከሌላም ያገኘው ነበረው። ፊደሌ ግን ወረቀቱን አንብቦ የማያፍር ሰው ነበር።

ብሩስን ያወጣው በኋላ ቀና የመጣው ነገር ነው። ከራስ ኤል ፊል ያሲን፥ ከቤይላም የዚያ ሼክ መልእክት ላኩ፤ እንግዳው ቢጐዳ ፊደሌን የሚጠብቀው ምን እንደ ሆነ አስታወቁት። ብሩስም የሥነ ከዋክብት ዕውቀት ስለ ነበረው የጨረቃ ግርዶሽ የሚውልበትን ቀን አስቀድሞ ተናግሮ ሼኩን አስደነገጠው። ጸሐፊው በግርዶሹ ብዙ ይመካል፤ የተጓዥ ትዕቢት ነውና እንለፈው። በኛ አስተያየት የሠራው የያሲን መልእክት ነው፤ ምክንያቱም ግርዶሽ በአንድ ሌሊት ያልፋል፥ ጐረቤት ግን በሚመጣው ዓመትም እዚያው ነው። የተዋ ሼክ የገባው ነገር ይህን ሰው ቢያዋርድ ከራስ ኤል ፊል ጋራ ያለው ንግድና ሰላም እንደሚበላሽ ነው። ብሩስ የዳነው እንግዳ ስለ ሆነ አይደለም፤ ከኋላው ሒሳብ የሚጠይቅ ቤት ስለ ነበረው ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የመተማ ጌቶች ተክሩሮች ነበሩ። እነዚህ ከቦርኑ፥ ከዋዳይ፥ ከዳርፉርና ከሌላም የምዕራብ አገር ለሐጅ ወደ መካ ሲሄዱና ሲመለሱ በመንገድ ቀርተው የሠፈሩ ሰዎች ናቸው። መንገደኛ የነበሩ ሰዎች የመንገደኛ በር ጠባቂ ሆኑ ማለት ነው። ሼካቸው ለኢትዮጵያም፥ ሱዳንን ለያዘው ለግብጽ መንግሥትም ግብር ይከፍል ነበር። አንዳንድ የውጭ አገር ጸሐፊ ይህን እንደ ወላዋይነት ቈጥሮታል። እኛ በዚህ አንስማማም። ለሁለት ቤት መክፈል የሁለቱም ቤት ሰዎች ገበያው ውስጥ በሰላም እንዲውሉ የሚያደርግ የማኅበርተኝነት መዋጮ ነበር። ከደጋ ቡናው፥ ሰሙ፥ ማሩ፥ በቅሎውና ፈረሱ ይወርዳል፤ ከቆላ ጥጡና ዶቃው፥ ብሩም ይመጣል። የጐንደር ሲራራ ነጋዴ በመተማ የሚያሳድረው ወዳጅ ነበረው፤ ያ ወዳጅ ለሱ ጥላም፥ አስተርጓሚም፥ ዋስም ነው። ግን ስለዚያ ገበያ ስንጽፍ መሸፈን የሌለበት አንድ ነገር አለ። ሳሙኤል ቤከር በ1862 መተማ በደረሰ ጊዜ የባሪያ ነጋዴዎችን ዳሶች አይቷል። ለነጋዴው በር የከፈተው ያው ስምምነት የተሸጠውንም ሰው በዚያው በር አሳልፎታል። ለነጋዴው ማረፊያ የሆነው ጥላ ለሌላው እስር ቤት ነበር።

ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ቴዎድሮስ በጥቅምት 1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉትን ደብዳቤ ለእንግሊዙ ቆንስል ለካፒቴን ካሜሮን ሰጥተው ነበር። ቆንስሉ ደብዳቤውን ራሱ በማድረስ ፈንታ ወደ ቦጎስና ወደ ከሰላ ወረደና በ1863 በሱዳን በኩል ተመለሰ። የንጉሠ ነገሥቱ ጠላቶች ቱርኮች በያዙት አገር ተስተናግዶ፥ በዚያው በር መልስ ሳይዝ መጣ። ካሜሮን የጥጥ ነገር ለማየት ነው የሄድኩት ቢልም፥ ቴዎድሮስ የሚጠይቁት ሌላ ነበር፤ ከማን ቤት በልተህ መጣህ ነው። በጥር 1864 ታሰረ።

ካሜሮንን ለማስፈታት የተላከው ሆርሙዝድ ሬሳም ነው። የሞሱል ተወላጅ ነው፤ በዚያ ዘመን በዓደን የእንግሊዝ ሹም ነበር። የንግሥቲቱን ደብዳቤ ይዞ ከሐምሌ 1864 ጀምሮ ከዓመት በላይ በምጽዋ ተቀመጠ። ከዚያ ትግሬ ስለ ሸፈተ በመተማ በኩል ይምጣ ተባለ። ከዶክተር ብላንና ከመቶ አለቃ ፕሪዶ ጋራ በኅዳር 21 ቀን 1865 መተማ ደርሶ በሼክ ጁማ አገር ተቀመጠ። እዚያም ደግሞ ወር ያህል ጠበቀ። ይህ መጠበቅ ለኛ የጥናቱ ዋና ነጥብ ነው። ሰውየው በእጁ የዓለም ኃያል መንግሥት ደብዳቤ አለው፤ ግን ደብዳቤው ከመተማ ወንዝ አያሻግረውም። ካርዱን የሚሰጥ አንድ ቤት ነው፥ በሩን የሚከፍት ሌላ ቤት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መልስ የደረሰው በታኅሣሥ መጨረሻ፥ ፈረንጆቹ የልደት በዓላቸውን በሚያከብሩበት ቀን ነበር።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ግን መስተንግዶው ሌላ ሆነ። ወህኒ በተባለው የጠረፍ መንደር ሹማምንት ከነአጃቢዎቻቸው ተቀበሏቸው፤ ጓዛቸውን የሚያነሡ በመቶ የሚቈጠሩ ተሸካሚዎች ተሰበሰቡ። ከጣና በስተ ምዕራብ እየዞሩ ሲሄዱ በየሰፈሩ ድርጎ ይቀርብላቸው ነበር። በጥር 28 ቀን 1866 ዳሞት ላይ ቴዎድሮስ በታላቅ ክብር ተቀበሏቸው። የግቢው ሥርዓት እንደሚታወቀው ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ስለሱ የሚናገርለት ባልደረባ ይሰጠዋል፥ እንጀራውና ሥጋው፥ ጠጁም በድርጎ ይቈረጥለታል። ድርጎው ከንጉሥ ነው ይባል እንጂ የሚወጣው ከገበሬው ጐተራ ነው። የዚያን ጊዜው ገበሬ ደግሞ የፖንሴ ዘመን ገበሬ አልነበረም፤ የዘመተውም የሸፈተውም ሠራዊት ሲያልፍበት የኖረ ገበሬ ነው። በዚያ ዓመት ከአንድ ቤት የወጣ አንድ በግ ምን ማለት እንደ ሆነ የቆላ ሰው ያውቀዋል።

ክብሩ ስድስት ወር አልሞላም። በሐምሌ 1866 ሬሳምና ጓደኞቹ ወደ መቅደላ እስረኞች ሆነው ተወሰዱ፤ እስከ ሚያዝያ 1868ም አልተፈቱም። ሬሳም ያው ሬሳም ነበር፤ የለወጠው ነገር የለም። የተለወጠው በሁለቱ ቤቶች መካከል የነበረው ነገር ነው። ቴዎድሮስ የጠየቋቸው የእጅ ባለሙያዎች አልደረሱላቸውም፤ እሳቸውም እንግዳውን መያዣ አደረጉት። አዘዞ ያለው ማረፊያ ዛሬ በእሳቸው ስም የሚጠራ ስለ ሆነ፥ አጎታችን የተሳፈሩት የእንግዳን ነገር ከማንም አጥብቀው ባሰቡ ንጉሥ ስም ከሚጠራ በር ነው።

የ1884ቱን የዓድዋ ውል ብዙ ተማሪ ስለሚያውቀው ከመተማ በኩል ያለውን ፊት ብቻ እንይ። በሰኔ 3 ቀን 1884 ዐፄ ዮሐንስና የእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ተስማሙ። የኢትዮጵያ ዕቃ፥ መሣሪያም ጭምር፥ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በምጽዋ በኩል ያለ ቀረጥ ይለፍ ተባለ፤ በለውጡም ማህዲስቶች የከበቧቸው የግብጽ ወታደሮች በኢትዮጵያ ምድር አልፈው ወደ ምጽዋ እንዲወጡ ዮሐንስ ይርዱ ተባለ። የትናንት ጠላት የክብር መንገደኛ ሆነ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ዕዳዋን ከፈለች፤ በመተማ የነበረው የግብጽ ጦር በ1885 በኢትዮጵያውያን ርዳታ ወጣ። በሌላው ወገን ግን በዚያው ዓመት በየካቲት ኢጣልያኖች በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋን ያዙ። የቤቱ ቍልፍ ለሌላ ተሰጠና የኢትዮጵያ ካርድ በምጽዋ በር ላይ አልሠራም አለ።

የወጣው ጦር ያተረፈው ቂም ግን መተማ ላይ ቀረ። በጥር 1887 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ማህዲስቶችን መተማ ላይ ድል ነሡ፤ በዓመቱ አቡ ዓንጃ ሠር ውኃ ላይ አሸንፎ ጐንደርን አቃጠለ፤ በመጋቢት 1889 ዮሐንስ በዚያው በር ወደቁ። ተክሩሮቹ ለሁለት ቤት እየከፈሉ ያቆሙት ገበያ በነዚህ ዓመታት ፈረሰ። ስለ ጦርነቱ ከኛ የተሻሉ ጽፈውበታልና እናልፈዋለን። አንድ ነገር ብቻ እንጨምር፤ ከተማው ዛሬም መተማ ዮሐንስ ተብሎ ይጠራል፥ የሼኮቹን ስም የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው አዲስ ሥርዓት የወሰን ሥርዓት ነው። በግንቦት 15 ቀን 1902 ዐፄ ምኒልክና እንግሊዝ ተዋዋሉ፤ በተከታዩ ዓመት ሜጀር ግዊን ወሰኑን በምድር ላይ አመለከተ። መተማ ከወንዙ ወዲህ፥ ገላባት ከወንዙ ወዲያ ሆኑ። ሁለቱ ከተሞች ዶሮ ሲጮኽ ይሰማማሉ። ከእንግዲህ በጭልጋ እንደ ነበረው ቀራጭ ለሁለት ጌታ የሚሠራ አልተገኘም። እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ኬላ፥ የራሱን ይለፍ፥ የራሱን ማኅተም ያዘ። በዚህ ለውጥ የገበሬው ትከሻ ከእንግዳ ጓዝ ማረፉን አንክድም፤ የማንም ሰው ክብር በማንም ሰው ቤት ያለ ወረቀት የማይታወቅበት ዘመን መጣ ማለትም ነው።

ወረቀቱ ምን ያህል እንደሚመዝን በ2023 በዓይናችን አየን። በሚያዝያ 15 ቀን ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ሕዝቡ ወደ ገላባት ጐረፈ። ከመካከላችን የዚያ አገር ልጆች የሆንነው በዚያን ሰሞን ወደ ቤተ ሰቦቻችን ወርደን ነበር። ወንዙን የተሻገረው ሰው ሁሉ አቧራ ለብሶ፥ ደክሞ አንድ ይመስል ነበር፤ የሚለየው ከኬላው ወዲህ ነው። ቱርክን የመሳሰሉ በርካታ መንግሥታት ዜጎቻቸውን በዚህ በር አውጥተዋል። ስማቸው በመዝገብ የሚጠራ፥ አውቶቡስ የሚቀርብላቸው፥ በማግሥቱ አይሮፕላን የሚጠብቃቸው እነዚያ ናቸው። በካርቱም ለዓመታት ጥገኛ ሆነው የኖሩና አገራቸውም ጦርነት የሆነባቸው ሰዎች ደግሞ ነበሩ፤ እነርሱን በስም የሚጠራ አልነበረም። የስደተኞች ድርጅቶች መዝግበዋቸው፥ ብዙዎቹ በኩመር በተሠራው መጠለያ፥ ኋላም በአውላላ እንዲሠፍሩ ተደረገ። በዚያም ሰላም ስላላገኙ በ2024 መጠለያዎቹን ጥለው የወጡ ነበሩ።

ከነዚያ ቀኖች አንዱን አንረሳውም። ቀትር ላይ፥ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያጋየው፥ አንዲት ሱዳናዊት እናት ሁለት ልጆች ይዛ በአንድ ሻይ ቤት ዳስ ጥግ ተቀምጣ ነበር። ከጐኗ የነበሩት ፓስፖርታቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ ስማቸው ተጠርቶ ተነሡ። ሻይ ሻጯ ለሴትዮዋ ውኃ ቀዳችላት፤ ሒሳቡን ከማን እንደምትቀበል የጠየቃት አልነበረም። አውቶቡሱ ሞልቶ ተንቀሳቀሰና በገንዳ ውኃ አድርጎ፥ ነጋዴ ባሕርን አልፎ፥ የስናር ቀራጭ ተቀምጦበት ወደ ነበረው ወደ ጭልጋ ዳገት አቀና።